ውሃ ነው የምትለው

ክፍሉ ቀድሞ የማዳበሪያ መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ አፍንጫ የሚወጋ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ። ከዚያ ሙቀቱ። አርባ ምንጭ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ እንዲያ ያለ ሙቀት ግን አላውቅም ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሦስቱ ግድግዳዎች ብሎኬት፣ አራተኛው ቀጭን ኮምፔንሳቶ ነው። ከኮምፔንሳቶው ወዲያ የመርማሪው ቢሮ ነበር። ወንበሩን ሲጎትት ይሰማናል። እኛም ስንናገር ይሰማዋል ማለት ነው።

"ግቢ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ ያመጣኝ ፖሊስ።

ጫማዬን ላውልቅ ወይስ አላውልቅ እያልኩ ነበር። ውስጥ ሰዎች ተቀምጠው ስላየሁ፣ የሰው ቤት የገባሁ መስሎኝ።

የታሰርኩት በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ መምህራችን በስብሰባ ላይ ተናግሯል ተብሎ ተይዞ ነበርና፣ ይፈታልን ለማለት ተማሪው ተሰልፎ ወደ ላይኛው ከተማ፣ ወደ ሴቻ ወጣ። እኔ ከፊት ነበርኩ። ደፍሬ አይደለም። አጭር ስለሆንኩ ጠዋት ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል ከፊት ነው የምቆመው፤ እግሬ ልማዱን ተከተለ። ፖሊሶቹም ፊት ያገኙትን ያዙ። ይህንኑ ለመርማሪው ስነግረው ሳቀ፤ አላመነኝም።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበሩ። አንዷ በሲቀላ ገበያ የጨርቅ ሱቅ ያላት ሙስሊም ነጋዴ ናት፤ ቤተሰቧ ከስልጤ አገር የመጣ ነው። የጓሮ ቤቷን ያከራየችው ሰው የሚፈለግ ሰው ሆኖ ተገኘ። "ቤት አከራየሁ እንጂ ፓርቲ አላከራየሁ!" ትል ነበር፣ ሆን ብላ ወደ ኮምፔንሳቶው ዞራ። ሁለተኛዋ ከካምባ የመጡ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን። ገበያ መሃል ቆመው ግብር አትክፈሉ ብለዋል ተብለው ነው የታሰሩት። "ግብሩ በዛ ነው ያልኩት። አትክፈሉ ያለው ገበያው ነው፤ ገበያውን እሰሩ" ይላሉ።

ሦስተኛዋ ከጨንቻ በላይ ካለ መንደር የመጣች ደገኛ ነበረች፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ብትበልጥ ነው። በዚያ ሙቀት ወፍራም ቡልኮዋን ከላይዋ አላወረደችም። ከአገሯ ይዛው የመጣችው ነገር እሱ ብቻ ነበር። አማርኛ አትችልም። የታሰረችው በወንድሟ ነው፤ እሱ ሸሽቶ ተደብቋል፣ እሷ ስንቅ ታደርስለታለች ተብላለች።

መርማሪው የመሃል አገር ሰው ስለሆነ ጋሞኛ አይሰማም። ቋንቋውን የሚችሉ ፖሊሶች ነበሩት፤ ግን አያምናቸውም። "እዚህ አገር የማይዛመድ የለም" ይል ነበር። እናቴ የጨንቻ ሰው መሆኗን እንዴት እንዳወቀ አላውቅም፤ በመጣሁ ማግስት አስጠራኝ።

"ትተረጉሚያለሽ" አለኝ። "ደህና አድርገሽ ከተረጎምሽ ለማትሪክ ትደርሻለሽ። ካልሆነ ፈተናው አይጠብቅሽም።"

ተረጎምኩ። ወንድምሽ የት ነው ይላል፤ አላውቅም ትላለች። ማን ምግብ ይወስድለታል ይላል፤ አላውቅም ትላለች። ለመተርጎም ቀላል ቃል ነበር። ስንመለስ እሷ በጋሞኛ "እናትሽ የማን ልጅ ናት?" አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ የቡልኮዋን ጫፍ ታጋራኝ ጀመር። ባይበርደኝም እምቢ ማለት አፈርኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ትኩሳት ያዛት። ማንም አልደነገጠም። ደገኛ ቆላ ሲወርድ ወባ ይይዘዋል፤ ይህን ሕፃንም ያውቃል። ፖሊሶቹ የወባ መድኃኒቱን ክሎሮኪን ሰጧት፣ ዋጠች። ራሷን እያመማት፣ ጉልበቷን እየቆረጣት ሰነበተች። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ላብ አጠመቃትና ትኩሳቱ ለቀቃት። ከቤቴ የመጣውን የበቆሎ ኩርኩፋ ከጎመኑ ጋር በላች። ባለሱቋ "ይኸው! ዳነች! አሁን ቡልኮውን አውልቂልንና እኛም እንዳን" አለች። ሁላችንም ሳቅን። እኔ ስተረጉምላት እሷም ሳቀች።

ሳምንት ሳይሞላ ተመለሰባት። ይህኛው የባሰ ነበር። ዓይኗ ቢጫ ሆነ። የጠጣችውን ውሃ እንኳ ታስመልሳለች። ስትተኛ የሚያንቀጠቅጣት ነገር መሬቱን አልፎ እኔ ጋ ይደርሳል።

እማማ አጠገቧ ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ።

"መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ ውጣለች። በሽታው ሄዶ መጣ። ሄዶ የሚመጣ በሽታ አፍ ነው የሚጠብቀው። ጎሜ ነው።"

"ጎሜ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች ባለሱቋ።

በእኛ ደጋ ሰው የተከለከለ ነገር ሲያደርግ፣ የጎረቤት ወሰን ሲገፋ፣ የሽማግሌ ቃል ሲያፈርስ፣ ሲዋሽ፣ ጎሜ ይሆንበታል ይባላል። ጎሜ ያለበት ሰው ይታመማል፤ ከብቱ ይሞታል፤ ማሳው እህል አይሰጥም። መድኃኒቱ መናገር ነው። ያደረገውን በሰው ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። በሹክሹክታ የተነገረ አይቆጠርም። እናቴ ስታመም ብዙ ጊዜ "ምን አደረግሽ? ተናገሪ" ትለኝ ስለነበር አውቀዋለሁ።

ደገኛዋ ጎሜ የሚለውን ቃል ሰምታ ኖሮ ቀና አለች። እማማን አልተቃወመቻቸውም። እንዲያውም የጠበቀችው ይመስል ነበር። በክርኗ ተደግፋ፣ በጋሞኛ፣ መናገር ጀመረች።

"ሴት የማትገባበት ገብቻለሁ" አለች። "ዛፉ የማይቆረጥበት፣ ከአባቶች በቀር ማንም የማይረግጠው..."

ወዲያው ገባኝ። በእናቴ አገር እንዲህ ያሉ የተከበሩ ደኖች አሉ፤ ሴት አትገባባቸውም፣ እንጨት አይለቀምባቸውም፣ ፖሊስም ቢሆን ዝም ብሎ አይገባም። ሰው ሊደበቅባቸው ይችላል። ምግብ ያደረሰችለት እዚያ ነው። ኃጢአቷና የወንድሟ መደበቂያ አንድ ቦታ ነበሩ፤ አንዱን ስትናገር ሌላውን ትናገራለች።

ከኮምፔንሳቶው ወዲያ ወንበር ተጎተተ።

የቆርቆሮ ኩባያችንን ከመሬት አንስቼ ጣልኩት። ከዚያ ኳኳታው ድምጿን እንዲሸፍን እንደገና አነሳሁና ጣልኩት። ደገኛዋ ዝም አለች። እማማ በቁጣ አዩኝ።

"እማማ፣ ግድግዳው" አልኳቸው በጋሞኛ፣ በቀስታ።

"ግድግዳው ይስማ። ትሞታለች እኮ!"

"የቦታውን ስም ከጠራች ወንድሟ ይሞታል። ጋሞኛ ባይሰማም ስም ይለያል።"

"እሱ እግር አለው፤ ይሮጣል። እሷ ምን አላት?"

እማማ ክፉ ሰው አልነበሩም። ከራሳቸው ውሃ ቀንሰው የሚያጠጧት እሳቸው ናቸው። መርማሪውም በዚያው ቀን አስጠርቶኝ "ወንድሟ ያለበትን ትንገረኝ፤ በደቂቃ ውስጥ መኪና አስነስቼ ሆስፒታል አስገባታለሁ በያት" ብሎኝ ነበር። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነው፦ እንድትናገር። እሳቸው ሊያድኗት፣ እሱ ወንድሟን ሊይዝ።

እኔ ስለ በሽታው የማውቀው ነገር አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ወባ በያዘው ጊዜ ጤና ጣቢያ ይዤው ሄጄ፣ ጣቱን ወግተው አንድ ጠብታ ደም መስታወት ላይ ቀብተው ሲወስዱ አይቻለሁ። እሱ ምንም አልተናገረም፤ ሲያለቅስ ብቻ ነበር። የያዘውን ግን አወቁ። ይህ ነበር ያለኝ እውቀት። የደገኛዋ በሽታ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ሊታይ የሚችል ነገር እንደሆነ ግን አውቃለሁ።

"ሐሙስ የወባ ሠራተኛው ይመጣል" አልኳቸው። ትኩሳት ያለባቸውን ፖሊሶች ደም ሊወስድ በየሳምንቱ ይመጣ ነበር። "ደሟን ይይላት። እስከዚያ ይታገሱኝ።"

እማማ ደገኛዋን አዩ፣ እኔን አዩ። "እስከ ሐሙስ" አሉ። "ሐሙስ ካለፈ ትናገራለች። አንቺም ኩባያ አትጥዪ።"

እስከዚያ ባለው ጊዜ ውስጥ ባለሱቋ የቡልኮውን ስፌት ገልጣ አየችና ወደ ኋላ ዘለለች። "የአላህ ያለህ! ይሄ ሁሉ ቅማል የት ሊሄድ ነው?" በስፌቱ መስመር ላይ ቅማል ተደርድሮ ነበር። ጨርቅ የምትሸጥ ሰው ስለሆነች ስፌት ትመለከታለች። እኛ አንመለከትም ነበር፤ ስናክክም የማዳበሪያው መስሎን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የወባ ሠራተኛው ድምፅ ከግቢው ተሰማ። ወጣት ነበር፤ ከፖሊሶቹ ጋር ይቀልዳል። በሩን አንኳኳሁ። በዚያ ክፍል በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ በር ሳንኳኳ የመጀመሪያዬ ነው። የከፈተው መርማሪው ራሱ ነበር።

"ምንድን ነው?"

ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። "ደሟን እንዲያይላት..." አልኩ።

"እሱ የመጣው ለፖሊስ ነው። እሷ መድኃኒቷን ታውቀዋለች። አፏ ውስጥ ነው ያለው።"

በሩን ሊዘጋ ሲል "ጌታዬ፣ ቅማል አለባት" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። "ብዙ ነው። ትናንት እርስዎ ቢሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ቅማል እስረኛና ፖሊስ አይለይም።"

በሩን እንደያዘ ቆመ። ፊቱ አልተለወጠም፤ ሌላው እጁ ግን ቀስ ብሎ ወደ አንገቱ ሄዶ ኮሌታውን ነካ። ከኋላዬ ባለሱቋ "እኔ አይቼዋለሁ ጌታው፤ የሰው ቁመት ያክላል" አለች። ዝም እንድትል በልቤ ለመንኩ።

"ና ወዲህ" አለ መርማሪው ሠራተኛውን። "የይችንም ደም ውሰድ።"

ሠራተኛው ጣቷን ሲወጋ አልተንቀሳቀሰችም። አንድ ጠብታ ወፍራም፣ አንድ ጠብታ ስስ አድርጎ መስታወቱ ላይ ቀባ፣ በአየር ላይ አወዛውዞ አደረቀው። እማማ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። "ይሄ ብቻ?" አሉኝ። "ይሄ ብቻ ነው የሚናገረው?"

"ይህ ብቻ ነው፣ እማማ።"

ከምሳ በኋላ ተመልሶ መጣ፤ አሁን አይቀልድም። ደጃፉ ላይ ቆሞ "ወባ የለባትም" አለ። "ግርሻ የሚባለው፣ ሄዶ የሚመለሰው ትኩሳት ነው። ደሟ ውስጥ እንደ ተጠመዘዘ ክር ሞልቷል። ከቅማል ነው የሚመጣው። ሁላችሁም ልብሳችሁ ይቀቀላል።" ሆስፒታል ትሂድ አለ፤ መርማሪው እዚሁ አለ። ተከራከሩ። በመጨረሻ ሠራተኛው ከጤና ጣቢያ የፔኒሲሊን መርፌ አምጥቶ እዚያው ወጋት። ሊወጣ ሲል ጠጋ አለኝ።

"ስሚኝ እህቴ። አሁን ትንሽ ቆይታ ትብሳለች። ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃዣለች፣ የምትሞት ትመስላለች። የሚሞተው ደሟ ውስጥ ያለው ነው። ውሃ ስጧት፣ አታልብሷት፣ ጠብቁ። እሺ?"

"እሺ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ የነበረኝ ነገር ይህ ብቻ ነው፤ የማላውቀው ሰው ቃል።

እንዳለው ሆነ። ፀሐይ ገና ሳትዘቀዝቅ ጀመራት። ጥርሷ ሲፋጭ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሲራመዱ ከሚያሰሙት ድምፅ ይበልጥ ነበር። ዓይኗ ተገልብጦ ነጩ ብቻ ቀረ። ባለሱቋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዱዓ ጀመረች። እኔ እግሯን ይዤ ነበር።

"መርፌው አስቆጣው!" አሉ እማማ። "ሐሙስ መጣ፣ ሐሙስ አለፈ። ቃልሽን ጠብቂ። ትናገር!"

"ይብሳል ብሎኛል። እንደሚብስ ነግሮኛል፣ እማማ።"

"እየሞተች ነው!"

"የሚሞተው ሌላ ነው። ጥቂት ይታገሱኝ፣ እባክዎ።" ይህን ስል አምኜ ነበር ማለት አልችልም። እጄ ውስጥ ያለው እግር ይነድ ነበር።

መናገር ግን የእኛን ፈቃድ አልጠበቀም። ደገኛዋ በቅዠት መጮህ ጀመረች። ገባሁ፣ ገባሁ አለች። የደኑን ስም ጠራች። የወንድሟን ስም ጠራች። ደግማ የደኑን ስም ጠራች፤ በግልጽ፣ በሚሰማ ድምፅ። እማማ ጎንበስ ብለው ሰሙ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ የሴቲቱ ጥፋትና የወንድሟ ቦታ አንድ መሆናቸው፣ ብነግራቸውም፣ በእርግጥ የገባቸው ገና አሁን ነው።

ወንበሩ ተጎተተ። በሩ ተከፈተ።

"ምንድን ነው የምትለው?" አለ መርማሪው፤ የሚያየው እኔን ነው።

ስለ ማትሪኩ አስቤ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ እግሯ ነው፤ ከለቀቅኩት የምትሄድ መስሎኝ ነበር።

"ውሃ ነው የምትለው" አልኩ።

"ይሄ ሁሉ ጩኸት ለውሃ?" ወደ እማማ ዞረ። "አንቺስ እናትዬ፣ አንቺም ቋንቋው ቋንቋሽ ነው። ይሄ የምትደጋግመው ስም ምንድን ነው? የሰው ነው የቦታ?"

ለእማማ መዋሸት ጎሜ ነው። በሌላው ሰው ላይ ሞት ያመጣል ብለው የሚፈሩትን ነገር፣ እሳቸው በገዛ አፋቸው ሊያደርጉት ነበር፤ ያውም የታመመ ሰው ራስጌ ተቀምጠው። የነጠላቸውን ጫፍ በውሃ ነክረው የሴቲቱን ግንባር ጠረጉ።

"የምንጭ ስም ነው፣ ልጄ" አሉ። "ደጋ ሰው እንዲህ ነው። ውሃ ሲጠማው ዝም ብሎ ውሃ አይልም፤ የአገሩን ምንጭ ስም ጠርቶ ነው። የእናንተ ቧንቧ አልጣማትም።"

መርማሪው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። ባለሱቋ ዱዓዋን ሳታቋርጥ "እኛንም አልጣመንም" አለች።

"ስጧት እንግዲህ" አለና በሩን ዘጋው።

አመሻሹ ላይ ላብ አጠመቃት። ሲመሽ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ትንፋሿ እንደ ማንኛውም የደከመ ሰው ትንፋሽ ሆነ። ትኩሳቱ ከዚያ በኋላ አልተመለሰባትም። ቡልኮዋን በበርሜል ቀቅለው ሲመልሱላት ቀለሙ ለቆ ነበር፤ አገላብጣ አየችውና ተከፋች። ያን ጊዜ ነው በእርግጥ እንደዳነች ያመንኩት።

በሦስተኛው ቀን እማማ አጠገብ ተቀምጬ "እማማ፣ ያ ነገር ጎሜ አይሆንብዎትም?" አልኳቸው።

"ይሆናል" አሉ። "የኔ ነው፤ እኔ ነኝ የምሸከመው።" ትንሽ አሰቡ። "ግን የታመምኩ ዕለት መጀመሪያ ደሜን አሳዪልኝ። እዚያ ካልተገኘ ያኔ እናገራለሁ።"

ለማትሪክ አልደረስኩም። መርማሪው ሁለተኛ ለትርጉም አልጠራኝም፤ ከእስር የወጣሁትም ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። በዓመቱ ተፈተንኩ። ደገኛዋ ከእኔ በፊት ተፈታች። ወንድሟ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። ያ ደን የት እንዳለ ግን እስከ ዛሬ አውቃለሁ፤ የትም አልጻፍኩትም።

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ነጥቤ ለሕክምና ይበቃ ነበር። ዘመዶቼ ሐኪም ትሆናለች ብለው ሲጠብቁ የሕክምና ላቦራቶሪ መረጥኩ፤ ቆይቶም በባዮሜዲካል ሳይንስ ቀጠልኩ። ለምን ሲሉኝ ሕዝቤን ለመርዳት እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን ለጠያቂው የሚቀለውን መልስ መስጠት ልማዴ ስለሆነ ነው። የመረጥኩት እንድትናገር ከሁለት ወገን የተያዘች ሴት አፏ ሳይሆን ደሟ ተናግሮላት መዳን እንደምትችል ስላየሁ ነው። በሁለተኛው ዓመት የግርሻን ተሕዋስ ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ አየሁ። በደም ሕዋሳቱ መካከል የተጠመዘዙ ቀጫጭን ወይን ጠጅ ክሮች ናቸው። ያምራሉ። ከኋላዬ የተሰለፉ ተማሪዎች ተራችን እያሉ እስኪጎትቱኝ ድረስ ዓይኔን አላነሳሁም።

ባለፈው ክረምት ሁለት ፖሊሶች እጁ በካቴና የታሰረ ወጣት ወደምሠራበት ላቦራቶሪ ይዘው መጡ። ትኩሳት ነበረው። ደሙን ወሰድኩ፣ ቀለም አስነካሁት፣ አየሁት። ወባ ነበር። ውጤቱን ይዤ ስወጣ አንደኛው ፖሊስ ከመቀመጫው ሳይነሳ እጁን ዘረጋ።

"ምንድን ነው ያለበት?"

እስከ ዛሬ ድምፄ ትንሽ ነው፤ ከማላውቀው ሰው ጋር ስነጋገር ጆሮዬ ይግላል። አልፌው ሄጄ አግዳሚው ጫፍ ላይ ከተቀመጠው ልጅ ፊት ቁጢጥ አልኩ።

"ደሙ ያንተ ነው" አልኩት። "መጀመሪያ ላንተ ልንገርህ።"